አንድ ሌሊት ሸጡልን፣ 67 ዓመት ደበቁን፦ የቫድስቴና ቤተ መንግሥት ጉብኝት

ከአምስት ኮከብ ሦስት ተኩል ሰጥቻለሁ። ለአስጎብኚያችን ለብቻቸው ቢሆን አምስቱንም እሰጥ ነበር። ለድርጅቱ ለብቻው ቢሆን ደግሞ ሁለትም ይበዛበታል። ስሙን አልጠራም። ትንሽ ድርጅት ነው፣ ባለቤቱም ደውሎ ይቅርታ ጠይቆኛል፣ በቃ።

የገዛሁት የአንድ ቀን ጉብኝት ነው። ስዊድን ውስጥ ካለችው ከሊንሾፒንግ ከተማ ባቡር ጣቢያ በሚኒባስ ይወስዱሃል፣ ቫድስቴና ቤተ መንግሥትን ያሳዩሃል፣ ምሳ አለበት፣ ማታ ይመልሱሃል። ማስታወቂያው «ልዕልቷ፣ መስኮቱና ቅሌቱ» ይላል፤ ከመስኮት የተንጠለጠለ ገመድና ፀጉሯን የፈታች ወጣት ሴት ተስለውበታል። እህቴ ከአዲስ አበባ ልትጠይቀኝ መጥታ ነበር። ስቶክሆልም ውስጥ ያሉትን ሙዚየሞች ጨርሰን የት ልውሰዳት እያልኩ ስጨነቅ ይሄን አየሁና ሳላመነታ ሁለት ቲኬት ቆረጥኩ። እህቴ የቤተሰብ ጉድ ትወዳለች። ማን አይወድም?

አስቀድሜ ልንገራችሁ፣ ከዚህ በታች ያሉት ዓመቶች በሙሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።

ሚኒባሱ 40 ደቂቃ ዘገየ። የሹፌሩ ስልክ አይነሳም፣ የቢሮው ስልክ ሙዚቃ ያሰማል። አሥር ሰዎች ጣቢያው በር ላይ ቆመን እንተያያለን። ቀኑን ያዳኑት አስጎብኚያችን ናቸው፤ እሳቸውም ከእኛው ጋር ቆመው እየጠበቁ ነበር። ጡረታ የወጡ የታሪክ መምህር ናቸው። ከቦርሳቸው ብዙ ጊዜ ከመታጠፉ የተነሳ መሃሉ የተቀደደ ትልቅ ወረቀት አወጡና እዚያው አንድ ብስክሌት ኮርቻ ላይ ዘረጉት። የቤተሰቡ የዘር ሐረግ ነው። «ባለጉዳዮቹን ሳታውቁ ቅሌቱ አይገባችሁም» አሉን።

መሃሉ ላይ ጉስታቭ ቫሳ አለ። በ1523 ጁን 6 ንጉሥ ሆኖ የተመረጠው ሰውዬ ነው፤ ስዊድኖች ዛሬም ብሔራዊ በዓላቸውን የሚያከብሩት በዚያው ቀን ነው። አንዷ ስትሞት ሌላዋን እያለ ሦስት ሚስት አግብቷል። የመጀመሪያዋ ጀርመናዊቷ ካታሪና አንድ ልጅ ብቻ ወልዳ ሞተች፣ ልጁ ኤሪክ ነው። ሁለተኛዋ ማርጋሬታ ሌዮንሁቭድ በ15 ዓመት ትዳር አሥር ልጅ ወለደች፣ ስምንቱ አደጉ። ልዕልት ሴሲሊያ ከእነዚህ አንዷ ናት፣ በ1540 ተወለደች። ማርጋሬታ በ1551 ስትሞት ንጉሡ አንድ ዓመት ቆይቶ ሦስተኛዋን አገባ። ካታሪና ስቴንቦክ ትባላለች፣ የሟቿ የእህት ልጅ ናት።

እህቴ እዚህ ላይ ክንዴን ያዘችኝ። «ቆይ፣ ታዲያ ለልጆቹ ምናቸው ሆነች?»

የአክስታቸው ልጅ። ከሠርጉ በኋላ ደግሞ እንጀራ እናታቸው። ሊቀ ጳጳሱም ይሄ ዝምድና ለጋብቻ አይሆንም ብሎ ተከራክሮ ነበር፣ ግን የሚከራከረው ከንጉሥ ጋር ነውና ኋላ ተወው። እህቴ «ሰባት ቤት ቢቀር አንድ ቤት እንኳን አይቆጥሩም?» አለች። ተረጎምኩላቸውና አስጎብኚያችን እስኪያስላቸው ሳቁ። እግረ መንገዴን፣ ካታሪና የሚባለው ስም በዚህ ቤተሰብ ውስጥ እንደ አልማዝ ነው፣ የትም ብትዞር አንዷ አለች። ቁጥር እየሰጠን ነበር የምንከታተለው።

የደረስነው ወደ አምስት ሰዓት ነው። ቫድስቴና ትንሽ ከተማ ናት፣ ቬተርን የሚባለው ትልቅ ሐይቅ ዳር ላይ። ቤተ መንግሥቱ ግን ትንሽ አይደለም። በየማዕዘኑ ክብ ግንብ አለው፣ ዙሪያውን ውኃ የሞላበት ቦይ ከብቦታል፣ ቦዩ ውስጥ ዛሬ የመዝናኛ ጀልባዎች ታስረው ይወዛወዛሉ። ግንባታው በ1545 ሲጀመር ለምቾት ተብሎ አይደለም፤ ከደቡብ የሚመጣውን የዴንማርክ ጦር ለመመከት ነው። ያለቀው በ1620 ነው። አስቡት፣ በ1559 እዚህ ያደሩት ሠርገኞች ያረፉት ገና እየተሠራ ባለ ምሽግ ውስጥ ነው። አሁን ውስጡ ቤተ መዛግብት አለ፣ በበጋ ደግሞ ኦፔራ ይታይበታል።

አሁን ወደ ቅሌቱ።

በ1559 ኦክቶበር 1 የሴሲሊያ ታላቅ እህት ካታሪና የምሥራቅ ፍሪስላንዱን ኤድሳርድን ስቶክሆልም ላይ አገባች። ምሥራቅ ፍሪስላንድ ዛሬ ጀርመን ውስጥ ነው፣ ከሆላንድ ድንበር አጠገብ ያለው የባሕር ዳርቻ። ሙሽሮቹ ወደ ባል አገር ሲነሱ ሸኚ ተከተላቸው። አልጋ ወራሹ ኤሪክ አለ፣ የ19 ዓመቷ ሴሲሊያ አለች፣ የሙሽራው ታናሽ ወንድም ዩሃንም አለ። ለካታሪና ዋርሳዋ ማለት ነው። ዲሴምበር ላይ ቫድስቴና አረፉ። አንድ ሰው ማታ ማታ ወደ ሴሲሊያ መስኮት ሲወጣ ታየ፤ አንድ ቀን ብቻ አይደለም፣ ደጋግሞ። ወሬው ኤሪክ ጆሮ ገባ። ኤሪክም አድፍጠው እንዲይዙት አዘዘ። ሰዎቹ በሩን በርግደው ሲገቡ ዩሃንን አገኙት። ሱሪ አላደረገም።

አስጎብኚያችን «ሱሪ አላደረገም» ካሉ በኋላ ዝም አሉ። ይችሉበታል። አሥራችንም ቀና ብለን ግድግዳውን አየነው። ድንጋዩ ቀጥ ያለ ነው፣ እግር የሚያርፍበት ነገር አይታየኝም። የሄድነው ኦገስት ላይ ነው፣ ያም ሆኖ ከሐይቁ የሚመጣው ንፋስ ጃኬቴን አስለብሶኛል። እሱ የወጣው በዲሴምበር ነው። ከቡድናችን አንድ ጀርመናዊ ሽማግሌ «ፍቅር ነው» አሉ። እህቴ «ዕብደት ነው» አለች። ሁለቱም በየቋንቋቸው፣ እኩል።

ኤሪክ ነገሩን በቤት ሊይዘው ይችል ነበር። አልያዘውም። አሳሰረው፣ ለአባቱ ላከው፣ ወሬው አውሮፓን አዳረሰ። ስዊድኖች እስከ ዛሬ «የቫድስቴና ሁካታ» ይሉታል። ጉስታቭ ቫሳ የተናደደው በልጅቷ ብቻ አይደለም፣ ገመናችንን አደባባይ አወጣህብን ብሎ በኤሪክም ጭምር ነው። ንዴቱ እንዲገባችሁ የገንዘቡን ነገር ማወቅ አለባችሁ። በ1556 ፓርላማው ለእያንዳንዷ ልዕልት 100,000 ዳለር ጥሎሽ ወስኖ ነበር። እኛ ጋ ጥሎሽ ወንዱ ነው የሚያመጣው፣ እነሱ ጋ ሴቷ ይዛ ትሄዳለች። የሴቶቹ ልጆች ሥዕል ተሥሎ ለየመሳፍንቱ ይላካል፣ አባት በየቤተ መንግሥቱ አማች እያፈላለገ ነው፣ በዚህ መሃል ሱሪ የሌለው ሰው ከልጁ ክፍል ይወጣል። ሴሲሊያ ወደ አባቷ ተመለሰች። እንደመታትና ፀጉሯን እንደነጨ ራሷ ተናግራለች።

ዩሃን ኧርቢሁስ የሚባል ግንብ ውስጥ ታሰረ። የተፈታው በ1560 ነው፣ ምንም አልተደረገም ብሎ ከማለ በኋላ። ኤሪክም የእህቱን ስም ለማደስ ብሎ ሜዳሊያ አስቀረጸ፣ ሴሲሊያን በሶስና መስሎ። የእኛ ሰው መጽሐፈ ሶስናን ያውቃል፤ ገላዋን ስትታጠብ አይተው በሐሰት የከሰሷት፣ ዳንኤል ያዳናት ሴት። እህቴ ይሄን ስትሰማ «ራሱ አዋርዶ ራሱ ሶስና አላት?» አለች። እኔም የገረመኝ እሱ ነው። እህትህን አደባባይ ካወጣሃት በኋላ ንጽሕናዋን በብረት ላይ ቀርጸህ ታድላለህ።

ፕሮግራሙ እዚህ ላይ አለቀ።

እውነቴን ነው። ወረቀቱ ላይ «ጥያቄና መልስ 10 ደቂቃ፣ ምሳ፣ ቤተ ክርስቲያን» ይላል። ልዕልቷ በ19 ዓመቷ መስኮት አጠገብ ቆማ ቀረች። ይህች ሴት እኮ የሞተችው በ86 ዓመቷ ነው! አስጎብኚያችን የተሰጣቸውን ጽሑፍ ይዘው ነው የሚሠሩት፣ በእሳቸው አልፈርድም፣ ሲጨርሱም ትንሽ ያፈሩ መሰለኝ። እንግዲህ እህቴ እጇን አወጣች።

«እና ሙሽራዋስ?»

ተረጎምኩት። ሴትዮዋ መነጽራቸውን አወለቁ። «ይሄንን የጠየቀኝ ሰው የለም» አሉ። «ምሳ ላይ እነግራችኋለሁ።»

ስለ ምሳው አጭር ላድርገው። ፍልሰታ ነበር። ቲኬት ስቆርጥ ለሁለት ሰው ቪጋን ብዬ ሞልቻለሁ፣ ማረጋገጫ ኢሜይልም ደርሶኛል። የቀረበልን አይብ ያለበት ዳቦ ነው። ሌላ የለም፣ ታዝዞ አልመጣም። እህቴ ግን ያለ ስንቅ ከቤት የማትወጣ ሰው ናት፣ ከቦርሳዋ አንድ ላስቲክ ዳቦ ቆሎ አወጣች። ቦዩ ዳር ሣር ላይ ተቀመጥን። አስጎብኚያችን የራሳቸውን ዳቦ ትተው ከዳቦ ቆሎው እየዘገኑ፣ ቡናቸውን ከፔርሙዝ እየቀዱ፣ ፕሮግራሙ ላይ የሌለውን ታሪክ አወሩን። ከዚህ በኋላ ያለው ሁሉ ለከፈልኩት ገንዘብ የተሰጠኝ ሳይሆን ለዳቦ ቆሎው ነው ብዬ አምናለሁ።

ሙሽራዋ ካታሪና ወደ ባሏ አገር ልትሄድ ተነስታ ጫጉላዋን ቁም እስር ላይ አሳለፈችው። ባሏ ኤድሳርድ በወንድሙ ጦስ እንዳይወጣ ተደርጎ ነበር። እሷ ደግሞ ከእህቷ ጎን ቆመች፣ በአባቷና በባሏ ወገን መሃል ገብታም ታስታርቅ ነበር። ስዊድንን ለቀው የወጡት በ1561 ነው፣ ሠርጉ ካለፈ ሁለተኛ ዓመቱን ይዞ። እዚያ ስትደርስስ? ዋርሳዋ ዩሃን አለ! አማቷ፣ የባሏ እናት፣ አገሩን ወንድማማቾቹ አብረው እንዲገዙ ወስናለች። ኤድሳርድ ሉተራን ነው፣ ዩሃን ካልቪናዊ። በሃይማኖትም በሥልጣንም ሳይስማሙ አገሩን ተካፍለው ዩሃን በ1591 እስኪሞት ድረስ ተናነቁ። ያ መስኮት የወጣው ልጅ ሚስት ሳያገባ ነው የሞተው። ካታሪና እስከ 1610 ኖረች። እህቴ ሁሉንም ሰምታ «አየህ፣ ዋናዋ እሷ ነበረች» አለችኝ። እኔ በዚህ አልስማማም፣ ሴሲሊያም ገና አልጀመረችም።

ጉስታቭ ቫሳ በ1560 ሞተ፣ ኤሪክ 14ኛ ነገሠ። ለሴሲሊያ የመጣ አንድ የፖላንድ መኳንንት ነበር፣ ቴንቺንስኪ የሚባል፣ እሱም ዴንማርኮች ይዘውት በ1563 እስር ላይ ሞተ። በ1564 የባደን-ሮደማኸርኑን ክሪስቶፈርን አገባች። ትንሽ ግዛት ያለው ጀርመናዊ መስፍን ነው። ከሠርጉ በኋላ ወደ ባል አገር መሄድ ሲገባት ሴሲሊያ እንግሊዝ ካልሄድኩ አለች። ከንግሥት ኤልሳቤጥ 1ኛ ጋር ይጻጻፋሉ። ወንድሟ ኤሪክም ኤልሳቤጥን ለማግባት ስንት ዓመት ሲደክም ኖሯል፣ እሷም ልታግባባለት አስባለች።

ጉዞውን ስሙ። ስዊድንና ዴንማርክ ጦርነት ላይ ናቸው፣ የባሕሩ መውጫ በዴንማርክ እጅ ነው። ስለዚህ በፊንላንድ፣ በባልቲክ አገሮች፣ በፖላንድና በጀርመን ዞረች። በክረምት። አሥር ወር ገደማ ፈጀባት፣ በመንገድ ላይም አረገዘች። በ1565 ሴፕቴምበር 11 ለንደን ገባች፣ በስድስተኛው ቀን ወንድ ልጅ ተገላገለች። ልጁን ክርስትና ያነሳችው ኤልሳቤጥ ራሷ ናት። እኛ አበልጅ ሆኑ የምንለው ነው። ስሙንም ኤድዋርድ ፎርቱናቱስ አለችው፣ ሁለተኛው ስም በላቲን «ዕድለኛ» ማለት ነው። ስምን መልአክ ያወጣዋል ይባላል፤ የዚህን ልጅ ስም ያወጣችው ግን ንግሥት ናት፣ መጨረሻውን ታያላችሁ።

ለንደን መጀመሪያ ላይ ሴሲሊያን ወደዳት። ችግሩ ገንዘብ እጇ ላይ አይበረክትም። በዱቤ ገዛች፣ ተበደረች፣ ደግማ ተበደረች። ባሏ ሹልክ ብሎ ሊወጣ ሲል ሮቸስተር ላይ በዕዳ ተያዘ። በ1566 ሲወጡ ደግሞ ዶቨር ወደብ ላይ አበዳሪዎቿ ልብሷን ሳይቀር ያዙባት። የአበልጅዋ አገር እንዲህ ሸኛት። ለኤሪክም ኤልሳቤጥ አልተገኘችለትም።

በነገራችን ላይ ከሴሲሊያ ጋር ለንደን ከገቡት ደንገጡሮች አንዷ አልተመለሰችም። ሄሌና ስናከንቦርግ ትባላለች፣ ገና በአሥራዎቹ ዕድሜ ያለች ልጅ። የኖርዝሃምፕተኑ ማርኩዊስ ዊልያም ፓር ወደዳት፤ የእንግሊዙ ንጉሥ የሄንሪ 8ኛ የመጨረሻ ሚስት ወንድም ነው። በ1571 ተጋቡ፣ እሱ በዚያው ዓመት ሞተ፣ እሷ ግን የኤልሳቤጥ ቅርብ ሰው ሆና ቀረች። በ1603 ኤልሳቤጥ ስትቀበር የሐዘንተኞቹ መሪ ሆና የሄደችው ይህች ስዊድናዊት ናት። አስጎብኚያችን ይሄን ሲናገሩ ድምፃቸው ተቀየረ፣ ከሁሉም በላይ የሚወዱት ታሪክ መሰለኝ። አንድ ፖስተር የሚገባት ሴት ናት ባይ ነኝ።

ሴሲሊያ በ1571 ወደ ስዊድን ተመለሰች። ቤቱ ተለዋውጦ ጠበቃት። ኤሪክ በ1563 ወንድሙን ዩሃንን (ይሄ ሌላ ዩሃን ነው፣ የራሳቸው ወንድም) አስሮት ነበር፤ በ1568 ዩሃንና ሌላው ወንድማቸው ካርል ተባብረው ኤሪክን ከዙፋን አወረዱት። የነገሠው ዩሃን 3ኛ ለሴሲሊያ የአርቦጋን ከተማ ገቢ ሰጣት። እሷም አርፋ አልተቀመጠችም፣ ባልቲክ ላይ መርከቦች አስታጥቃ የነጋዴ መርከብ ታስይዝ ነበር። የባሕር ሽፍታ ባለቤት በሉት። ባሏ በ1575 ሞተ። ቀጥሎ ካቶሊክ ሆነች፣ ሉተራን የሆነ አገር ውስጥ፣ የሉተራኑ ንጉሥ የጉስታቭ ቫሳ ልጅ። ከስፔን መልእክተኛ ሴት ልጅ እንደወለደችም ይወራል፣ ልጅቷ ገዳም ገባች። መስኮቱን ከዚህ ሁሉ ጋር ስታስተያዩት የልጅ ጨዋታ ነው።

ኤሪክስ? በ1577 ኧርቢሁስ እስር ቤት ሞተ። አዎ፣ ያ ዩሃን የታሰረበት ኧርቢሁስ። በአተር ሾርባ ውስጥ መርዝ ሰጡት ይባላል፣ በ1958 መቃብሩ ሲከፈት ዐፅሙ ላይ አርሴኒክ ተገኝቷል። ስዊድን የምንኖር ሰዎች ሐሙስ ሐሙስ በየሥራ ቦታው የሚቀርበውን የአተር ሾርባ እናውቃለን። ከአሁን በኋላ በእኩል ዓይን አላየውም።

ሴሲሊያ ስድስት ወንዶች ወልዳለች። ስድስቱም ቀድመዋት ሞቱ። «ዕድለኛው» ኤድዋርድ በዕዳ ተዘፍቆ ግዛቱን በ1594 ለዘመዱ አስነጠቀ፣ በ1600 ከደረጃ ወድቆ ሞተ። ግዛቱን በ1622 ያስመለሰው የእሱ ልጅ፣ የሴሲሊያ የልጅ ልጅ፣ ቪልሄልም ነው። አያትየው ይሄን አይታ ነው የሞተችው። ወንድሞቿና እህቶቿ ሁሉ አለቁ፣ እሷ ቀረች። በ1627 ጃንዋሪ ብራስልስ ላይ አረፈች። ከመሞቷ ወር ከምናምን ቀደም ብሎ፣ በ1626 ዲሴምበር፣ ስቶክሆልም ውስጥ አንዲት ሕፃን ተወልዳ ነበር፣ የወንድሟ የካርል የልጅ ልጅ። ያቺ ሕፃን ንግሥት ክሪስቲና ናት። እሷም አድጋ ካቶሊክ ሆነች፣ እሷም ከስዊድን ወጣች። አስጎብኚያችን ጣታቸውን ከሴሲሊያ ስም አንስተው በወረቀቱ ላይ ወደ ታች ወደ ክሪስቲና ሲያወርዱ የተቀደደው ቦታ ላይ ደረሱና በእጃቸው መዳፍ ያዙት፣ እንዳይበጠስ።

ለገዳሙ ቤተ ክርስቲያን 20 ደቂቃ ብቻ ቀረን፣ ሚኒባሱ ጠዋት የበላብንን ከዚያ ቆረጡት። ይሄ በጣም አናደደኝ። የቅድስት ቢርጊታ ገዳም ነው፣ ለብቻው ግማሽ ቀን ይፈልጋል። ውስጡ የሴሲሊያ ወንድም የማግኑስ መቃብር አለ። አእምሮው የታመመ መስፍን ነበር። አፈ ታሪኩ ከቤተ መንግሥቱ መስኮት ላይ ሆኖ ውኃው ውስጥ የባሕር ሴት አየና ዘሎ ገባ ይላል። እህቴ ሻማ ፈልጋ ለኮሰች። አንዱ መስኮት ሲወጣ፣ ሌላው ከመስኮት ሲዘል፣ ግንቡ ያው አንድ ግንብ ነው።

እንግዲህ ልትሄዱ ካሰባችሁ፣ ሂዱ። በዚህ ድርጅት ካልሆነ በራሳችሁም ይቻላል፣ ቫድስቴና የመንገደኛ ባቡር የላትም፣ ከሊንሾፒንግ ወይም ከሙታላ በኩል በአውቶቡስ ነው የሚደረሰው። በድርጅቱ ከሄዳችሁ ግን ጡረተኛዋ መምህር ያሉበትን ቀን ጠይቃችሁ ቁረጡ፣ ቅዳሜ ቅዳሜ ናቸው። ጃኬት ያዙ። ስንቅ ያዙ፣ በተለይ ጾም ከሆነ። ፕሮግራሙ አልቋል ስትባሉ ደግሞ አትነሱ፣ ስለ ሙሽራዋ ጠይቁ።

የምሳውን ሂሳብ ከሳምንት በኋላ መልሰውልኛል። በኢሜይል ርዕሱንም ለውጡት፣ ቢያንስ ሁለቱን እህቶች አንድ ላይ ጻፉ ብያቸው ነበር፣ «አስተያየትዎን እናመሰግናለን» የሚል መልስ መጣ። ትናንት ገብቼ አየሁት። ገመዱ እንደተንጠለጠለ ነው።